ዳልጮና የማትጮኸው ቤት

ዳልጮ ኦይታ በሕይወቱ አጥብቆ የሚጠላው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቆርቆሮ። ሰው የሚጠላ አይመስለኝም። እኔን እንኳ፣ በቂ ምክንያት እያለው፣ አልጠላኝም። የቆርቆሮ ጣሪያ ባየ ቁጥር ግን ፊቱን ያጨማድዳል። «ይሄ ቤት አይደለም፣ ከበሮ ነው» ይላል። «ዝናብ ሲመጣ ሰው ከበሮ ውስጥ ምን ይሠራል?» መልስ የሚሰጠው አልነበረም፤ በዚያን ዘመን አርባ ምንጭ ላይ ሹመት ያለው ሰው ሁሉ የሚኖረው ቆርቆሮ ሥር ነበር።

ዶርዜ ነው። ከደጋው ብርድ ወደ ታችኛው አርባ ምንጭ፣ ወደ ሲቀላ ሙቀት የወረደው ሚስቱ ከሞተች በኋላ ነው። እንጀራው ሽመና ሲሆን ከአባቱ የወረሰው ሙያ ደግሞ የቀርከሃ ቤት መሥራት ነበር። በ1974 ቀበሌያችን ለመዋዕለ ሕፃናቱ ዘበኛ አድርጎ ቀጠረውና አንድ ዱላና አንድ ፊሽካ ሰጠው። ዱላውን የበር መቀርቀሪያ አደረገው። ፊሽካውን አንድም ቀን ነፍቶት አያውቅም። ከበሩ አጠገብ የሳር ዳስ ጥሎ፣ የሽመና ዕቃውን ተክሎ፣ ቀኑን ሙሉ እየሸመነ ይጠብቃል። ሊቀመንበራችን ይህንን ሁለት ጊዜ «የሥራ ዲሲፕሊን ጉድለት» ብሎ በቃለ ጉባኤ አስይዞበታል። ሦስተኛው ላይ የሊቀመንበሩ ባለቤት ቡልኮ አዘዘች፤ ጉድለቱም በዚያው ተረሳ።

ቃለ ጉባኤውን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ታምሩ እባላለሁ፣ የቀበሌው ጸሐፊ። ዛሬ ስለ ዳልጮ ለመጻፍ የተነሳሁት ያኔ ስለ እሱ የጻፍኩት ሁሉ ወይ ውሸት ወይ ግማሽ ውሸት ስለነበረ ነው። የእጅ ጽሕፈቴ ግን ያምር ነበር።

መዋዕለ ሕፃናቱ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የጥጥ መጋዘን ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ በሩም ሲዘጋ የሚንኳኳ ቆርቆሮ። ለጥጥ ችግር አልነበረውም፤ ጥጥ ጆሮ የለውም። እኛ ስድሳ ሕፃናት አስገባንበት። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ቤቱ ይግላል፤ ዝናብ ሲጥል መምህርቷ ልክነሽ የምትናገረውን ራሷም አትሰማውም ነበር።

ይህ እንዳይበቃ 1976 መጣ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ነው ተባለና ከተማው በሙሉ ቀለም መቀባት ጀመረ። ሊቀመንበራችን ጓድ ወርቅአፈራሁ የመጋዘኑን ውስጥ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ደም የመሰለ ቀይ አስቀባው። ጓድ ወርቅአፈራሁ ከሸዋ የመጣ፣ ቀድሞ አውቶቡስ ተራ መንገደኛ ይጠራ የነበረ ሰው ነው፤ አንዴ ከተናገረ ላይኛው ከተማ፣ ሸቻ ድረስ ይሰማል። የሰው ልጅ ሁሉ እንደ እሱ ድምፅ የሚወድ ይመስለው ነበር። ስለዚህ አንድ ትልቅ ድምፅ ማጉያ አስመጣና አፉን ወደ ልጆቹ አዙሮ አሰቀለው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሰልፍ ዘፈን ይለቀቃል፤ ስድሳው ሕፃን ግራ እጁን አንሥቶ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» ይላል። ገና ስማቸውን በቅጡ መጥራት የማይችሉ ልጆች ነበሩ።

ከስድሳዎቹ አንዷ ስመኝ ናት፣ የዓለሚቱ ልጅ፣ አምስት ዓመቷ። ዓለሚቱ የመንግሥት እርሻ ላይ ጥጥ ትለቅማለች። ባሏ ወደ ሰሜን ዘምቶ ወሬው ጠፍቷል። የእርሻው መኪና ጎህ ሲቀድ ይወስዳታል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይመልሳታል። መዋዕለ ሕፃናቱ ከመቋቋሙ በፊት ስመኝን በነጠላ ቅዳጅ እግሯን ከአልጋው ቋሚ ጋር አስራ፣ ውኃና ቂጣ አስቀምጣላት ነበር የምትሄደው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ማንም አልፈረደባትም። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ የፈረደ ሰው «እንግዲያው አንተ ጠብቅልኝ» እንዳትለው ስለሚፈራ ነው።

ስመኝ ድምፅ ማጉያው ሲከፈት ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ትጮሃለች። ከድምፅ ማጉያው በላይ ነበር የምትጮኸው። የእጇን አንጓ ትነክሳለች፤ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። የደንብ ልብሱ ካኪ ሲነካት እንደ ሳማ ይለበልባታል መሰለኝ፣ አውልቃ ትጥለዋለች። አንድ ቀን የሴቶች ማኅበር ኃላፊዎች ሊጎበኙ መጡ። አምሳ ዘጠኙ ልጆች ግራ እጃቸውን አንሥተው ሲቆሙ ስመኝ ፊተኛው ረድፍ ላይ እንደ ተወለደች፣ ዕራቁቷን፣ ጆሮዋን ይዛ ቆማለች። ሊቀመንበሩ ንግግሩን አላቋረጠም። ያን ያህል ጽናት እንዳለው ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። የመጀመሪያው አጀንዳ የበዓሉ ዝግጅት፣ ሁለተኛው «የሕፃን ስመኝ አቋም» ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ አቋሟን ሳንገመግም መቆየታችን በራሱ ድክመት ነው ተባለ፤ ግለ ሂስም አደረግን። አንዱ ጋኔን ነው ሊል አፉን ከፍቶ፣ ጋኔን ከተሻረ አሥር ዓመት ሊሞላው መሆኑን አስታውሶ ዘጋው። ጓድ ወርቅአፈራሁ ተነሣ።

«መፈክር ሲሰማ ጆሮውን የሚደፍን ሰው» አለ፣ «ዕድሜው ምንም ይሁን ምን መልእክት እያስተላለፈ ነው!»

ዓለሚቱ ተጠርታ ቆማ ነበር። «እሷ እኮ ዶሮ ሲጮህም ጆሮዋን ትይዛለች» አለች።

«ዶሮውን አናነሣም። አጀንዳው ዶሮ አይደለም።»

አንድ ወር ተሰጣት። በአንድ ወር ውስጥ እንደ ሌሎቹ ልጆች ካልሆነች ከመዝገብ ትሰረዛለች ተባለ። ዓለሚቱ አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። «ካስወጣችኋት መልሼ አስራታለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?» ብላ ብቻ ወጣች። ከዚያ እጅ አወጣን፣ ሁላችንም። እኔ በቀኜ እየጻፍኩ ግራዬን አወጣሁ።

በቃለ ጉባኤው ያልጻፍኩትን እዚህ ልጻፍ። ከስብሰባው ሁለት ሳምንት በፊት መምህርት ልክነሽ ወደ ቢሮዬ መጥታ፣ በሩን ዘግታ፣ እንደ ስመኝ የሚሆኑ ልጆች አራት እንደሆኑ ነግራኛለች። ሁለተኛዋ የእኔ ልጅ ዘሪቱ ነበረች። ዘሪቱ አትጮህም። ድምፁ ሲለቀቅ ትደርቃለች፤ ዓይኗ አንድ ቦታ ተተክሎ ይቀራል፣ ቆማ ትሸናለች። እኔ ብርድ መትቷት ነው እል ነበር፣ በአርባ ምንጭ ሙቀት! ማታ ማታም እንድትለምድ ብዬ ከፊቷ ቆሜ መፈክሩን ጮክ ብዬ አስጠናት ነበር። ዛሬ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሐኪሞች ስም አላቸው ይባላል፤ ድምፁ፣ ብርሃኑ፣ የልብሱ ሻካራነት ከሌላው ሰው አብልጦ የሚያማቸው ልጆች አሉ ይላሉ። ያኔ እኛ የነበረን ስም «ጠባየ ብልሹ» ነው፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ «ፀረ አብዮት» የሚል የራሱ ስም ነበረው። በስመኝ ላይ እጄን ሳወጣ ዘሪቱን ብብቴ ሥር እየደበቅኩ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት የእኔ ቢጤውን ነው።

ዳልጮ ስብሰባ አይገባም። ግን ቆርቆሮ ግድግዳ ባለበት አገር ምስጢር የለም፤ ሁሉንም ሰምቷል። ልክነሽን በር ላይ አስቁሞ «መምህርት፣ ልጅ መጥፎ አይደለም። ቤት ነው መጥፎ» አላት።

እሱ ከሁላችንም ቀድሞ አንድ ነገር አይቶ ነበር። ስመኝ ከክፍል ሮጣ ስትወጣ የምትገባው የሱ ዳስ ነው። ከሽመና ዕቃው ጀርባ የተከመረው ባዘቶ ውስጥ ትቀበርና መወርወሪያው ቀኝና ግራ ሲል ታዳምጣለች። እዚያ አትጮህም። ዳልጮም አያናግራትም፣ አያያትም፣ ይሸምናል። «የእኔ ዕቃ ድምፁ አንድ ነው» አለኝ በኋላ ስጠይቀው። «አሁን ይመጣል ስትል ይመጣል። ልጅቷ ለዚህ አትፈራም።» አንድ ቀን ቡልኮ አራት አጥፎ ጫነባት፤ ያ ሁሉ ክብደት ላያችን ላይ ቢጫን እኛ እንታፈናለን፣ እሷ እንቅልፍ ወሰዳት። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ እኛ በአጀንዳ ያጣነውን ሽማግሌው በቡልኮ አገኘው።

ከስብሰባው በሦስተኛው ቀን ከደጋ የሚወርደው የጭነት መኪና ቀርከሃ አራግፎለት ሄደ። ለግንባታ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ «የማገዶ ማስቀመጫ» ብዬ። ከጻፍኳቸው ውሸቶች የማላፍርበት እሱ ብቻ ነው። ዳልጮ ከግቢው ጀርባ፣ ማንጎው ሥር፣ በስምንት ቀን አንዲት ትንሽ የዶርዜ ቤት ሠራ። ቀርከሃውን ሰንጥቆ እንደ ቅርጫት ጎነጎነው፣ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ቅርፊት ደርቦ ደራርቦ አለበሰው። መጋዘኑ ውስጥ ያ ሁሉ ጩኸት እያለ እዚያ ስትገባ የሚሰማህ የራስህ ትንፋሽ ነው። በሩ ዝቅ ያለ ነበር፤ ልጅ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ትልቅ ሰው ጎንበስ ሳይል አይገባም። «ትልቅ ሰው ዝቅ ካለ አይጮህም» አለኝ።

መጀመሪያ ላይ ተሳስቶ ነበር። እንደ አገሩ ልማድ ውስጡን ከፍሎ ፍየል አሰረበት፤ ከብት የሌለበት ቤት ቤት አይመስለውም። ስመኝ ገና ከበሩ ሽታው ሲደርሳት አስመለሳትና ሁለት ቀን አልቀረበችውም። ፍየሏ ወጣች። የቀርከሃ ቤት ደግሞ ጭስ ይፈልጋል፤ ጭስ ካላገኘ ምስጥ ይበላዋል። ልጆቹ ግን ጭሱን አልቻሉም። ብዙ አሰበበት። በመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት እያጨሰ፣ እሑድን በሙሉ በሩን ከፍቶ እያናፈሰ፣ ምስጡንም ልጆቹንም አስታረቀ። ወለሉ ላይ ያነጠፈው ሳር ዘሪቱን ወጋትና እንቢ አለች። ሳሩን አንሥቶ ስንት ጊዜ የታጠበ አሮጌ ጋቢ ዘረጋ። «አዲስ ልብስ ይናገራል» አለ፣ «አሮጌ ልብስ ዝም ይላል።» እዚያ ቤት የገባ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የዳልጮን ጉንጭ ያለፈ ነው። ጉንጩ ላይ ያሸዋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል፣ ከዚያ ወይ ያስገባዋል ወይ ይጥለዋል። ያን ሽማግሌ ጋቢ ጉንጩ ላይ አድርጎ ዓይኑን ሲጨፍን ያየ መንገደኛ ሁሉ ጠጥቶ ነው ይል ነበር።

ልክነሽ ሥርዓቱን አበጀች። አራቱ ልጆች ድምፅ ማጉያው ከመከፈቱ በፊት ይወጣሉ፤ ከተከፈተ በኋላ አይደለም። ማንም ጎትቶ አያስገባቸውም፣ ማንም ጎትቶ አያወጣቸውም። ውስጥ ወሬ የለም። ልባቸው ሲመለስ እነሱም ይመለሳሉ። ከስብሰባው በሦስተኛው ሳምንት ስመኝ ክፍል ውስጥ እስከ ቀትር ቁጭ አለች። በአራተኛው አንድ ጠዋት ከጎጆው ተመልሳ፣ መፈክሩ ካለቀ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ሁሉም ፊደል ሲቆጥር፣ ግራ እጇን እስከ ደረቷ አንሥታ መልሳ አወረደች። ልክነሽ ወደ ውጭ ወጥታ አለቀሰች። ዘሪቱም ቀሚሷ ደርቆ ወደ ቤት መምጣት ጀመረች። እኔ ደስታዬን ለማንም አልተናገርኩም።

ወሩ አለቀ። ስመኝ አልተሰረዘችም። ዓለሚቱ መኪናው ላይ ስትወጣ ከሌሎቹ ለቃሚዎች ጋር ስትስቅ ታየች።

ጓድ ወርቅአፈራሁ ጎጆዋን ያገኛት ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ከክፍለ ሀገሩ ለሚመጡት ጎብኚዎች ግቢውን ሊፈትሽ ሲዞር ነው። «የእንሰት ጎጆ!» አለ። «በአሥረኛው ዓመት! በሶሻሊስት መዋዕለ ሕፃናት!» ውስጡን ሊመረምር ጎንበስ ሲል ባርኔጣው ወደቀ። ገባ። ቶሎ አልወጣም። ውጭ ቆሜ ስጠብቅ ረጅም ትንፋሽ ሲተነፍስ ሰማሁት፤ ያንን ሰው በዝምታ ሲተነፍስ ሰምቼው አላውቅም። ሲወጣ ከገባበት ይልቅ ተቆጥቶ ነበር፤ ሰው ተመችቶት ሲያፍር እንደዚያ ነው የሚቆጣው።

«በሦስት ቀን ውስጥ ይህ ጎጆ በዚህ ግቢ እንዳይታይ! ጓድ ታምሩ፣ ጻፍ!»

ጻፍኩ።

ዳልጮ «እሺ ጓድ» አለ።

ሊቀመንበሩ ባደገበት አገር ቤት ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ከቦታው ይጥፋ የተባለ ቤት ይፈርሳል፣ ሌላ መንገድ የለውም። ዶርዜ ግን ቤት አያፈርስም። መሬቱ ምስጥ ከበዛበት፣ ወይም ከጎረቤት ካልተስማማ፣ ቤቱን ተሸክሞ ይሄዳል። ጋሞ አገር ሁለት ክረምት የከረመ ሰው ሁሉ ይህንን ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። አልነገርኩትም፤ መቼም ጸሐፊ ሆኖ አለመናገር የሚያስደስትበት ቀን ጥቂት ነው።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከሸማኔ ሰፈር አርባ ያህል ወንዶች መጡ። በቤቱ ዙሪያ ግራና ቀኝ አጣና አሰሩ፤ ግማሾቹ ውስጥ ገቡ፣ ግማሾቹ ውጭ ቀሩ። አንዱ ሽማግሌ ድምፁን አወጣ፣ ሌላው ተቀበለ፣ ቤቱ ተነሣ። ልጆቹ ከክፍል ግልብጥ ብለው ወጡ። ሰማንያ እግር ያለው ቤት በፊታቸው እየተራመደ አለፈ። ስድሳው ልጅ ጭጭ አለ። ያንን ዝምታ መፈክርም ዱላም አላመጣውም ነበር። ዳልጮ አጥሩን አስቀድሞ ከፍቶታል፤ ቤቷ በዚያ ወጥታ፣ ቦዩን ተሻግራ፣ ከአጥሩ ሃያ እርምጃ ርቃ ተቀመጠች።

ቦዩ የቀበሌያችን ወሰን ነው። ከቦዩ ማዶ ሌላ ቀበሌ ነው።

ጓድ ወርቅአፈራሁ ከሰዓት በኋላ ፍርስራሹን ሊያይ መጣ። ፍርስራሽ አጣ። በአጥሩ ቀዳዳ አሻግሮ ሲያይ ጎጆዋ፣ እንደ ዶርዜ ቤት ሁሉ የዝሆን ፊት መስላ፣ አፍጥጣ ታየዋለች፣ ልጆችም በተጋደመ ሳንቃ ላይ እየተሻገሩ ይገቡባታል። ለማዶው ቀበሌ ደብዳቤ ጻፍን። የማዶው ሊቀመንበር ከእኛው ጋር በውኃ ቦኖ ከተጣሉ ሁለት ዓመታቸው ነው። «በክልላችን የሚገኝ ማንኛውም ቤት የሚመለከተው ቀበሌያችንን ብቻ ነው» የሚል መልስ፣ ሦስት ማኅተም ተመትቶበት መጣ። አንዱ ማኅተም ይበቃ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ጎብኚዎቹ መጡና አበላሹት።

የቡድኑ መሪ መነጽር ያደረገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። መጋዘኑን አየና አለፈ። ጎጆዋን አየና ቆመ። ሳንቃውን ተሻገረ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ወጣ። «በአካባቢ ቁሳቁስ የተሠራ! የብሔረሰቡን ባህል ከሕፃናት አስተዳደግ ጋር ያዋሐደ! የማን ሥራ ነው?» ሁለቱ ሊቀመንበሮች እኩል «የቀበሌያችን!» አሉ። የእኛው ድምፅ በለጠ፤ በድምፅ ማን ይችለዋል? ዳልጮ ዱላውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም። መሪው ጎጆዋ «ተጠናክራ» አርአያ እንድትሆን አሳሰበ።

በማግስቱ እነዚያው አርባ ሸማኔዎች ቤቷን ተሸክመው መለሷት። ዳልጮ ደስ ብሎት ከፊት ከፊት ይመራ ነበር። ሲያልፍ ትከሻዬን መታ አደረገና «ገባቸው» አለኝ። የማጠናከሪያውን ዕቅድ ጽፌ የጨረስኩት በዚያው ጠዋት ነው።

ጎጆዋ ዝናብ እንዳያበሰብሳት ቆርቆሮ ለበሰች። ወለሉ ሲሚንቶ ሆነ። ጎብኚ እንዳያጎነብስ በሩ ከፍ ተደረገ። ውስጡ ቀይ ተቀባ። በመጨረሻም «ውስጥ ያሉት ሕፃናት በንቃት ወደ ኋላ እንዳይቀሩ» ሁለተኛ ድምፅ ማጉያ፣ ጎጆዋ ውስጥ፣ ከልጅ ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ ተሰቀለ። ዳልጮ ቢሮ ድረስ መጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ጓድ፣ ልጆች እዚያ የሚገቡት ድምፅ ሸሽተው ነው።»

ጓድ ወርቅአፈራሁ በትዕግሥት አስረዳው። «አሁን ድምፁ ራሱ ወደ እነሱ ይሄዳል። መሸሽ አያስፈልጋቸውም።»

በ1977 መስከረም መዋዕለ ሕፃናቱ ተከፈተ። በመጀመሪያው ጠዋት ስመኝ እንደ ተማረችው አደረገች። ሁለት ሰዓት ከመሙላቱ በፊት ብቻዋን ተነሥታ፣ ማንም ሳያዛት፣ ወደ ጎጆዋ ሄደች። ቆርቆሮውን አይታ ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ ገባች። ድምፅ ማጉያው ከራሷ በላይ ተከፈተ።

ልክነሽ ስታወጣት የእጇ አንጓ ይደማ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ስመኝ በየትኛውም በር አልገባ አለች፤ በመጋዘኑም፣ በጎጆዋም፣ በዳሱም። የማትጮኸው ቤት ጮኸችባት፤ ከዚህ በኋላ ምን ትመን? እኔ ቢሮዬ ሆኜ ጩኸቷን ሰምቻለሁ። አዘንኩ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ አፈርኩ።

በሳምንቱ «ለጊዜው» ከመዝገብ ተሰረዘች። ደብዳቤውን በሦስት ቅጂ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አንዱ ለዓለሚቱ። ማንበብ ስለማትችል እኔው አነበብኩላት። «ለጊዜው ማለት እስከ መቼ ነው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

ዳልጮ በዚያው ቀን ዱላውንና ፊሽካውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ። በማግስቱ ማልዶ ወደ ዓለሚቱ ቤት ሄደ። የእርሻው መኪና ሄዷል። ስመኝ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፣ እግሯ ከአልጋው ቋሚ ጋር ታስሯል፣ ቂጣው አልተነካም። ቅዳጁን ፈታ። በቡልኮ ከእግሯ እስከ ራሷ ጠቅልሎ፣ ታቅፎ፣ ሸማኔ ሰፈር ወዳለው የገዛ የቀርከሃ ቤቱ ወሰዳት። ማታ ዓለሚቱ ልጇን አጥታ እያበደች ብትደርስ «ጠዋት አምጪ፣ ማታ ውሰጂ» አላት። ይህን ያህል አጭር ውሳኔ በቀበሌያችን ተወስኖ አያውቅም። ብዙ ሳይቆይ ስመኝ የዳልጮን ማግ እየጠቀለለች ታቀብለው ጀመር።

አርአያዋ ጎጆ ዝናዋ ገነነ። ከየአውራጃው እየመጡ ፎቶ ያነሷታል። ልጅ አይገባባትም። ጓድ ወርቅአፈራሁም በእሷ የተነሣ ተሾሞ ከፍ ወዳለ ቢሮ ሄደ፤ ሹመት ያዳብር!

ዘሪቱን ግን አላስወጣኋትም። የጸሐፊው ልጅ ከወጣች ምን ይባላል? ሌላ ካኪ አሰፋሁላት፣ ማታ ማታ መፈክሩን አጥብቄ ማስጠናቴን ቀጠልኩ። እሷም እየደረቀች ሄደች። ኅዳር ላይ መናገር አቆመች። ውኃ ስትፈልግ ጣሳውን ታሳያለች፣ ሲያማት ወደ ግድግዳ ትዞራለች። እናቷ አንድ ጠዋት «ልጄን ገደልካት» አለችኝ፤ ድምፅዋን ሳታነሣ።

በዚያ ጠዋት፣ በሥራ ሰዓት፣ ዘሪቱን እጇን ይዤ ሸማኔ ሰፈር ሄድኩ። ስንት ሰው አየኝ። ዳልጮ ከቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ድር ያስተካክላል። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝና ጀመርኩት፦ ጊዜው አስገድዶኝ እንደሆነ፣ ውሳኔው የእኔ እንዳልነበረ፣ ፈቃዱን የጻፍኩለት እኔ መሆኔን እንዳይረሳ። የቀበሌ ሰው ነኝና ድምፄ ከፍ እያለ ሄደ፣ እጄም ተነሣ።

ዳልጮ እኔን አያይም፣ ከጎኔ ዝቅ ብሎ ያያል። ዞር ስል ዘሪቱ ዓይኗን ጨፍና ሁለት ጆሮዋን ይዛለች። ዝናብ የለም፣ ድምፅ ማጉያ የለም። እኔ ብቻ ነበርኩ።

«እሷ ትግባ» አለኝ ዳልጮ፣ ቀስ ብሎ። «አንተ እዚህ ቁም።»

ዘሪቱ ቀጥ ብላ ገባች። ከውስጥ ስመኝ ቀና ብላም ሳታያት የቡልኮውን ጫፍ ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት። ዳልጮ ወደ ድሩ ተመለሰ። እኔ የቀረውን ንግግር አፌ ውስጥ ይዤ እስከ ማታ ውጭ ቆምኩ።